የጋፋቱ መድፍ ሠሪ ሞሪትስ ሆልና ቤተ ሰቡ

መግቢያ

የሴባስቶፖልን ስም ያልሰማ የኢትዮጵያ ተማሪ አይገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ይህ ትልቅ መድፍ በትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ በቲያትርና በሥዕል ተደጋግሞ ይነሣል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። ዳሩ ግን መድፉን ያቀለጡት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ፣ ከየት እንደ መጡ፣ ከማን ጋር እንደ ተጋቡና ልጆቻቸው የት እንደ ደረሱ ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን «የጋፋት ፈረንጆች» ከማለት አልፈን የምንመልሰው ነገር የለንም።

በዚህ ጽሑፍ ከነዚያ ሰዎች መካከል አንዱን ብቻ መርጠን ሕይወቱንና ቤተ ሰቡን ለማስረዳት እንሞክራለን። እርሱም የክራኮቭ ተወላጅ የሆነው ሞሪትስ ሆል ነው። እርሱን የመረጥንበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሆል ከአይሁድ ወገን ተወልዶ፣ ቤተ እስራኤል ከጥንት ጀምሮ በሚኖሩበት በጎንደርና በበጌምድር ምድር የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ያገባት ሴት በኢትዮጵያ የተወለደችና እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነች ናት። ሦስተኛ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን እኩሌቶቹ በወታደርነት፣ እኩሌቶቹም በመልእክተኛነት ተካፍለዋል።

ከዚህ ሁሉ ልናሳየው የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። ይህ ቤተ ሰብ በተያዘበት ጦርነት ሁሉ ሁለት ጥያቄዎች ቀርበውበታል፤ አንዱ «ምን መሥራት ትችላለህ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከማን ወገን ነህ?» የሚለው ነው። በጋፋት የመጀመሪያው ጥያቄ በረታ፤ በበርሊን ደግሞ ሁለተኛው በረታ። የቤተ ሰቡም ዕድል በነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ሲዋልል እናገኘዋለን።

ስለ ጋፋት የተጻፉት ምስክርነቶች አብዛኞቹ የሚሲዮናውያንና የእስረኞች መሆናቸውን አስቀድመን ማስታወስ ይገባናል። ዋልድማየር፣ ፍላድ፣ ስተርን፣ ራሳምና ዶክተር ብላንክ ያዩትን ጽፈዋል፤ ነገር ግን የጻፉት ከእስር ከወጡ በኋላ ለአገራቸው አንባቢ ስለ ሆነ፣ ስለ ራሳቸው የሚያወሱትን ያህል አብረዋቸው ስለ ደከሙት ኢትዮጵያውያን አያወሱም። ይህን እያሰብን እናነባቸዋለን። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በምንጽፍበት ጊዜ ግን «ዓ. ም.» የሚለውን ጨምረን እናመለክታለን።

1. ደብረ ታቦርና ጋፋት

ደብረ ታቦር ከጉና ተራራ በስተ ምዕራብ በደጋው ላይ የተቈረቈረች፣ ከፍታዋ 2,700 ሜትር ያህል የሆነ ከተማ ናት። በዘመነ መሳፍንት ራስ ጉግሣ ከመሠረቷት ወዲህ የየጁ ራሶች መቀመጫ ነበረች፤ በመጨረሻም ራስ ዓሊ ይኖሩባት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ራስ ዓሊን ድል አድርገው በ1855 ከነገሡ በኋላ፣ ከጎንደር ይልቅ ደብረ ታቦርን ወደዱ። ቦታዋ ለሠራዊት አመቺ ነው፤ ወደ ጣና፣ ወደ ጋይንትና ወደ ወሎ የሚወስዱት መንገዶች በአቅራቢያዋ ይገናኛሉ።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ የሚገኝ ኮረብታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የአውሮፓ ሠራተኞችን ያሰፈሩት በዚህ ነበር። ለመኖሪያቸው ቤት፣ ለሥራቸውም ዳስና እቶን ተሠራላቸው፤ ኢትዮጵያውያን ረዳቶችና ተማሪዎችም ተሰጧቸው። ስለዚህ ጋፋት የጦር መሣሪያ መሥሪያ ብቻ ሳትሆን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም ነበረች ማለት እንችላለን።

ከሠፈሩት አውሮፓውያን የሚበዙት በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶች ናቸው። የላካቸው በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ነው። ጎባት ቀደም ሲል ራሱ በኢትዮጵያ የኖረ ስለ ነበረ፣ ሰባኪ ብቻ ሆኖ የሚመጣ ሰው ከካህናቱ ጋር እንደሚጋጭ ያውቅ ነበር። በዚህ ምክንያት የእጅ ሙያ ያላቸውን ሰዎች ላከ፤ ሐሳቡም በሥራቸው ተወደው መጽሐፍ ቅዱስን እንዲያድሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከስብከታቸው ይልቅ ሙያቸውን ፈለጉ። መንገድ እንዲሠሩ፣ ጠመንጃ እንዲጠግኑ፣ በኋላም መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። መጻሕፍት ይዘው የመጡት ወጣቶች በጥቂት ዓመት ውስጥ የመድፍ ሠሪዎች ሆነው ተገኙ።

2. ከክራኮቭ የመጣው ሰው

ሞሪትስ ሆል የተወለደው በ1838 በክራኮቭ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ነው። ክራኮቭ የፖላንድ የጥንት መናገሻ ናት። እርሱ በተወለደበት ዘመን ፖላንድ ራሷን የቻለች መንግሥት አልነበረችም፤ ሦስት ኃያላን መንግሥታት፣ ማለት ሩስያ፣ ፕሩስያና ኦስትሪያ፣ ተከፋፍለዋት ነበር። ክራኮቭ ብቻዋን ነጻ ከተማ ተብላ ጥቂት ዓመታት ከቈየች በኋላ፣ ሆል የ8 ዓመት ልጅ ሳለ በ1846 ኦስትሪያ ጠቀለለቻት። በከተማይቱ የሚኖሩት አይሁድ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የራሳቸው ሠፈር፣ የራሳቸው ምኵራብና የራሳቸው ዳኞች ነበሯቸው፤ ነገር ግን በመኖሪያና በሥራ ረገድ በሕግ የተከለከሉት ነገር ብዙ ነበር።

ሆል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከጋፋት ሠራተኞች ጋር ተቀላቀለ። ከክሪሾና ሰዎች የሚለይበት ነገር ግልጽ ነው። እነርሱን የላካቸው ማኅበር ከኋላቸው ነበረ፤ እርሱ ግን ሚሲዮን የላከው ሰው አልነበረም። ያለው የእጁ ሙያ ብቻ ነበር፤ የብረታ ብረት ማቅለጥ ሥራ ያውቃል። በጋፋት ይህ ሙያ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጥ ነበር።

በጋፋት ሲኖር ሆል ከሚሲዮናውያኑ ጋር ተወዳጅቶ የፕሮቴስታንትን ክርስትና ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በዚሁ እምነት ጸንቶ ኖሯል። ከዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል።

3. በአንድ አገር ሁለት የአይሁድ ታሪክ

በዚያን ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ሚሲዮናውያን የአንዳንዶቹ ዋና ዓላማ ቤተ እስራኤልን ክርስቲያን ማድረግ ነበር። ፍላድ በደምቢያ በጀንዳ የሠራው ለዚሁ ነው። በ1860 የመጣው ሄንሪ አሮን ስተርን ደግሞ፣ ራሱ በጀርመን አገር ከአይሁድ ተወልዶ ክርስትናን የተቀበለና አይሁድን ለመስበክ በለንደን በተቋቋመ ማኅበር የተላከ ሰው ነው። ስለዚህ በ1860ዎቹ በጎንደርና በበጌምድር፣ ከአውሮፓ የመጡ አይሁድ ተወላጆችና የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል በአንድ ምድር ላይ ተገናኝተው ነበር።

የሁለቱ ወገኖች ኑሮ ግን የተለያየ ነው። ቤተ እስራኤል በየመንደራቸው ያርሳሉ፤ የእርሻ መሬት በርስትነት መያዝ ስለ ተከለከሉ ብዙዎቹ በቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራ፣ በሽመናና በግንበኝነት ይተዳደራሉ። ለሕዝቡ ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለት የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ፣ ከጎረቤቱ ምስጋና በማግኘት ፈንታ «ቡዳ» እየተባለ ይፈራና ይሰደብ ነበር። በጋፋት ላይ ግን ያው የብረት ሥራ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሞገስ፣ ሽልማትና የክብር ልብስ ያስገኛል። አንድ ዓይነት ሙያ በአንዱ እጅ ነውር፣ በሌላው እጅ ክብር ሆኖ መገኘቱ የዘመኑን አስተያየት በደንብ ያስረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሠሪን ማክበራቸው ከዘመናቸው ሰው የሚለያቸው አንዱ ነገር ቢሆንም፣ ይህ አክብሮት የአገሩን ቀጥቃጭ ከቆየው ንቀት አላወጣውም።

ቤተ እስራኤል የሚሲዮናውያኑን ስብከት በተለያየ መንገድ መለሱት። ጥቂቶቹ ተቀበሉ፤ የሚበዙት ተከራከሩ። በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉ መነኵሴ ሕዝባቸውን አስከትለው፣ ባሕረ ኤርትራን ተሻግረው ኢየሩሳሌም ለመግባት በእግር ተነሡ። ከተከተሏቸው ብዙዎቹ በትግራይ ምድር በረኀብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉትም ወደ ቀያቸው ተመለሱ። እንግዲህ ክራኮቭ የተወለደው አይሁዳዊ በጋፋት ክርስቲያን ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል እምነታቸውን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሡ የተገጣጠመው በአንድ ዘመን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቅድስት አገር የገባው ግን ሆል ነው። ቤተ እስራኤል በብዛት የገቡት ከመቶ ዓመት በላይ ቈይተው፣ በ1984ና በ1991 በአውሮፕላን ሲወሰዱ ነው።

4. ወለተ ኢየሱስ

በጋፋት የነበሩት አውሮፓውያን ብዙዎቹ ያገቡት በኢትዮጵያ የተወለዱ ሴቶችን ነው። ዋልድማየርና ዛልሙለር የዮሐንስ ቤልን ልጆች አገቡ፤ ቤል የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅና አማካሪ ሆኖ ኖሮ በ1860 ንጉሠ ነገሥቱን ለማዳን ሲዋጋ የሞተ እንግሊዛዊ ነው። ሞሪትስ ሆልም የሠዓሊውን የኤድዋርድ ዛንደርን ልጅ ወለተ ኢየሱስን አገባ።

ዛንደር በ1813 በጀርመን አገር በአንሃልት የተወለደ ሠዓሊ ነው። በ1847 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ መጀመሪያ የሰሜንና የትግራይ ገዢ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤን አገለገለ። ውቤ በ1855 በደረስጌ ድል ከሆኑ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስን አገለገለ። የወለተ ኢየሱስ እናት ከጎንደር የመኳንንት ወገን የሆነች እመቤት ነበረች። ወለተ ኢየሱስ የተወለደችው በ1850 ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ዘንድ ካታሪና ተብላ ትጠራለች።

የጋፋትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ሴቶቹን የሚያነሧቸው «ሚስቱ» ወይም «የእገሌ ልጅ» እያሉ በአንድ መስመር ነው። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ በአጭሩ መታለፍ የለበትም እንላለን። ሆል የአገሩን ቋንቋና ወግ ያልለመደ፣ ዘመድ የሌለው እንግዳ ነበር። በአገራችን ሥርዓት ደግሞ ሰው የሚታወቀው በዘመዱ ነው። የሆል ቤት በጎንደርና በበጌምድር ምድር ሥር የነበረው በወለተ ኢየሱስ በኩል ብቻ ነው፤ የቤተ ሰቡ አማርኛም፣ ዘመድነቱም፣ በኋላም ልጁን ወደ ኢትዮጵያ የመለሰው ክር የተፈተለው ከእናትየው ወገን ነው።

5. የመድፉ ሥራ

ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠራላቸው ሲያዝዙ ሚሲዮናውያኑ ሥራውን አናውቀውም ብለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አላወቅንም ማለትን አልተቀበሉም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ እቶኑ የሚፈለገውን ሙቀት ሳይችል ቀረ። ተደጋግሞ ከተሞከረ በኋላ ግን ተሳካ። መጀመሪያ ትንንሽ፣ ቀጥሎም ከፍ ከፍ ያሉ መድፎች ተሠሩ፤ በመጨረሻም ሴባስቶፖል ተቀለጠ። በዚህ ሥራ ላይ የሆል ሙያ ከፍ ያለ ድርሻ ነበረው።

ሴባስቶፖል በትክክል ስንናገር ሞርታር የሚባለው ዓይነት ነው። ሞርታር አፉ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር የሆነ መድፍ ሲሆን፣ ጥይቱን ወደ ላይ ወርውሮ ከምሽግ በስተ ጀርባ ያወርዳል። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይሆናል፤ ይህም 70 ኩንታል እህል ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው በ1854ና በ1855 እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮችና ቱርኮች ከበው በመድፍ ከደበደቧት በክሪሚያ ከምትገኘው የሩስያ ከተማ ነው።

የሥራውን ከባድነት ለመረዳት ነሐስ እንዴት እንደሚፈስ ማወቅ ይጠቅማል። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል ነው። ለመቅለጥ ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ትልቅ መድፍ ለማፍሰስ አስቀድሞ ከሸክላ ጭቃ ቅርጹ ይበጃል፤ ጕድጓድ ተቈፍሮ በውስጡ ይቆማል፤ በመካከሉም የመድፉ ቀዳዳ እንዲሆን ሌላ የጭቃ ምሰሶ ይተከላል። ቅርጹ ፈጽሞ ካልደረቀ፣ የፈላው ነሐስ እርጥበቱን ሲነካ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ ሠራተኛውንም ይገድላል። ሁሉም ነሐስ ባንድ ጊዜ ካልፈሰሰ ደግሞ፣ የቀደመው ቀዝቅዞ የኋለኛው አይጣበቀውም፤ መድፉም በዚያ መጋጠሚያ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብዙ እቶን በአንድ ሰዓት መቅለጥ፣ በአንድ ቃልም መከፈት አለበት።

በጋፋት ይህ ሁሉ የተሠራው በወናፍ፣ በከሰልና በሰው ጕልበት ነው። ከዚህም ሌላ በደጋው ላይ ያለው አየር የሳሳ ነው። በ2,700 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ እሳቱን ለማጋል ወናፉ ያን ያህል ይበልጥ መነፋት አለበት ማለት ነው። በአውሮፓ ቆላ የተማረ አቅላጭ ልማዱን ሁሉ እዚህ እንደገና መማር ነበረበት። ወናፍ የነፉት፣ ከሰል ያከሰሉት፣ ጭቃውን የረገጡትም የበጌምድር ሰዎች ናቸው።

ለዚህ ሥራ የተከፈለው ዋጋ ግን ነጻነት ነው። ሆልና ጓደኞቹ ሙያቸው ያስከብራቸው እንጂ አያሰናብታቸውም ነበር። ስተርን በ1863፣ የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሩን ደግሞ በ1864 ሲታሰሩ፣ ጋፋቶች ሥራቸውን ቀጥለው ነበር። ይሁን እንጂ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተነሣው ጠብ እየከረረ በሄደ መጠን እነርሱም ተጠረጠሩ፤ በ1867 ከጋፋት ተነሥተው ደብረ ታቦር በዓይነ ቍራኛ እንዲጠበቁ ተደረገ። ባለ ሙያነትና እስረኛነት በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ተደረቡ።

6. ወደ መቅደላ

በ1867 በጥቅምት ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ከሠራዊታቸው፣ ከመድፎቻቸውና ከአውሮፓ ሠራተኞች ጋር ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ግዛታቸው ጠብቦ፣ አገሩ በየቦታው ሸፍቶ ነበር። ሴባስቶፖል በተሠራለት ሠረገላ ላይ ተጭኖ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጐተቱት በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥ፣ በዋድላና በደላንታ አለፈ፤ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጣ። መንገድ በሌለበት መንገድ ይጠረባል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሰዎቹ ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በኋላ የመጡት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ያን መንገድ አይተው አደነቁ።

ወለተ ኢየሱስ የ18 ዓመት ወጣት ሳለች በዚህ ጉዞ ላይ ነበረች። ሴት ልጇ መግደሌና በዚያው በ1868 በመቅደላ ጦርነት ሰሞን ስለ ተወለደች፣ ወራቱን ብንቈጥር እናቲቱ ያን ገደል ሁሉ የወጣችውና የወረደችው ልጅ በሆዷ ይዛ መሆኑን እንረዳለን። የሕፃኗም ስም የተራራውን ስም ያስታውሳል።

ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከዙላ ተነሥቶ መቅደላ አጠገብ ደረሰ። በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም.፣ በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን እየመሩ ወርደው ወደቁ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ሲሞት፣ 1,200 ያህል ቈሰለ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት 20 ሲሆኑ፣ ከነርሱ 2ቱ በኋላ ሞቱ። በዕለቱ ከፋሕላ ላይ ከተተኰሱት መድፎች አንዱ ትልቅ መድፍ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ብዙ የተደከመበት የጋፋት ሥራ በዚያ ቀን ማንንም አላዳነም። ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በቈሰሉበት በዚያ ውጊያ የድሉ ምክንያት መድፍ ሳይሆን፣ ከኋላው ቶሎ ቶሎ የሚጐርሰው የእንግሊዞች ጠመንጃ መሆኑ ታየ።

ንጉሠ ነገሥቱ በማግስቱና በፋሲካ ዕለት እስረኞቹንና የእጅ ሠሪዎቹን ከነቤተ ሰባቸው ለቀቁ። በሰኞ ማዕዶት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል በመቅደላ ቀረ፤ ሆልና ወለተ ኢየሱስ ግን ሕፃኗን ይዘው ከሠራዊቱ ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። የወለተ ኢየሱስ አባት ዛንደር በዚያው ዓመት ሞተ።

7. ያፋ

የሆል ቤተ ሰብ ኑሮውን በፍልስጥኤም አገር በያፋ መሠረተ። ያፋ ለኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ወደብ ነበረች። በ1869 ከጀርመን የመጡ «ቴምፕለር» የተባሉ ክርስቲያን ገበሬዎችና የእጅ ሠሪዎች በዚያ ሠፈር መሥርተው ነበር። ሆል በዚህ አካባቢ የሚሲዮን ሥራ እየሠራ ኖሮ በ1914 ዐረፈ። መድፍ ያቀልጥ የነበረው ሰው የሕይወቱን እኩሌታ ያሳለፈው ወንጌል በማስተማር ነው።

መግደሌና በያፋ አድጋ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የተባለ ከሩስያ መኳንንት የተወለደ ሰው አገባች። ኡስቲኖቭ እምነቱን ወደ ፕሮቴስታንት በመለወጡ ከአገሩ ወጥቶ የጀርመን ዜግነት ያገኘ፣ በያፋም ሰፊ የአትክልት ቦታ ያለው ሆቴል የነበረው ሰው ነው። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም በ1898 ቅድስት አገርን ሲጐበኝ ያረፈው በዚሁ ሆቴል ነው። እንግዲህ የጋፋት ልጅ የቤቱ እመቤት በሆነችበት ስፍራ የአውሮፓ ንጉሥ እንግዳ ሆነ ማለት ነው።

8. የልጅ ልጆች በጦር ሜዳና በሕግ ፊት

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የመግደሌና ልጆች የጀርመን ዜጎች ስለ ነበሩ ሁለቱ በጀርመን ጦር ሠራዊት ተሰለፉ። ታላቁ ዮና ሲባል ታናሹ ጴጥሮስ ይባላል፤ ሁለቱም በአየር ክፍል አገልግለዋል። ጴጥሮስ በ1917 በጦር ሜዳ ሞተ። በዚያ ጦርነት ለጀርመን የተሰለፉት አይሁድ 100,000 ያህል ሲሆኑ፣ 12,000 ያህሉ እንደ ሞቱ ይታወቃል። የሆል የልጅ ልጆች በእምነታቸው ክርስቲያኖች ስለ ሆኑ ከነዚህ ጋር አልተቈጠሩም። በዚያን ጊዜ አያታቸው ከማን እንደ ተወለደ የጠየቃቸው አልነበረም፤ የተፈለገው አገልግሎታቸው ነበርና።

ዮና ከጦርነቱ በኋላ በለንደን ለጀርመን የዜና ወኪል ሆኖ ሠራ። በ1921 የወለደውን ልጅ በሞተው ወንድሙ ስም ጴጥሮስ አለው፤ ይህም በኋላ በዓለም የታወቀው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን ጥያቄው ተለወጠ። በ1935 ዮና ከአይሁድ ዘር አለመሆኑን እንዲያስረዳ ተጠየቀ፤ አላደርገውም በማለቱ ከሥራው ወጥቶ የእንግሊዝ ዜጋ ሆነ። በዚያው ዓመት በኑረምበርግ የታወጀው ሕግ የሰውን ወገን የሚወስነው በራሱ እምነት ሳይሆን በአያቶቹ ነው። አንድ አይሁዳዊ አያት ያለው ሰው የሁለተኛ ደረጃ ድቅል ተብሎ ይመዘገባል። ሆል በጋፋት የተቀበለው ክርስትና፣ በያፋ የሠራው የወንጌል ሥራ፣ የልጅ ልጁም ለጀርመን መሞቱ በዚህ ሕግ ፊት ዋጋ አልነበረውም።

ከዚህም ይበልጥ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በዚሁ በ1935 የሆልና የወለተ ኢየሱስ ልጅ ዳዊት ሆል በኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ላይ የነበረ አማካሪ ነው። ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር መሣሪያ እንዲያገኝላቸው ወደ በርሊን ላኩት። የጀርመን መንግሥት በዚያን ጊዜ ኢጣልያ በኦስትሪያ ጉዳይ እንዳትቃወመው በሌላ ሥራ እንድትጠመድ ይፈልግ ስለ ነበረ፣ ወደ 3 ሚሊዮን ማርክ የሚገመት የጦር መሣሪያ በስውር ፈቀደ። አባቱ በጋፋት ለአንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መድፍ አቀለጠ፤ ልጁ ከ70 ዓመት ያህል በኋላ ለሌላው ንጉሠ ነገሥት ጠመንጃ ለመነ። የእኅቱ ልጅ በአያቱ አይሁዳዊነት ምክንያት እንጀራውን ባጣበት ዓመት፣ እርሱ ከዚያው መንግሥት ጋር ለኢትዮጵያ ይደራደር ነበር።

ወለተ ኢየሱስ ይህን አላየችም፤ በ1932 በ82 ዓመቷ ዐርፋለችና። ከዘመነ መሳፍንት እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ድረስ የኖረች ሴት ናት።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘውን በአጭሩ እንናገር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሆልን የጠየቁት ሥራ እንጂ ዘር አልነበረም፤ አክብረውም አስረውም የያዙት ስለ ሙያው ነው። ሙያ ሰውን ከሞት ያድናል፤ ነገር ግን ሰውን ለሙያው ብቻ የሚፈልግ ጌታ ነጻነቱን ይወስድበታል። ናዚዎች ደግሞ የጠየቁት ዘር እንጂ ሥራ አልነበረም፤ በዚህም ሙያም፣ እምነትም፣ ለአገር የፈሰሰ ደምም አላዳነም። ሁለቱን ስናነጻጽር የፊተኛው ክፋት ከሁለተኛው ጋር እኩል ነው አንልም። ሰው በችሎታው ሲመዘን የሚያደርገው ነገር ይኖረዋል፤ በአያቱ ሲመዘን ግን የሚያደርገው ምንም የለም። ይህን የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ከማናችንም በፊት ያውቀው ነበር፤ ችሎታው እያለ በዘሩ ሲሰደብ ኖሯልና። ስለዚህ ነገሩን የሌላ አገር በደል ብቻ አድርገን ልናየው አይገባንም።

ሁለተኛው የምንለው፣ ጋፋት የሚታወሰው በነሐሱ ብቻ መሆን እንደሌለበት ነው። ሴባስቶፖል በመቅደላ ቆሞ ቀርቷል፤ ከጋፋት የወጣው ቤተ ሰብ ግን ያፋ፣ በርሊን፣ ለንደንና አዲስ አበባ ደርሷል። ይህን ቤተ ሰብ ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረችው ደግሞ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ እምብዛም የማትነሣው ወለተ ኢየሱስ ናት።

በመጨረሻም ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎች አንድ አሳብ እናቀርባለን። የሆል ስም የቀረልን እርሱን የሚያውቁት ሰዎች ጽሑፍ ስለ ተዉ ነው። ወናፉን የነፉት፣ ጠፍሩን የጐተቱት፣ ከጋፋት እሳት ፊት ቆመው ሙያ የተማሩት የፋርጣና የጋይንት ሰዎች ግን ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በዚያው በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ይኖራሉ። በዕረፍት ጊዜው ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ደብተር ይዞ ከሽማግሌዎች ቢጠይቅ፣ በመንደሩም የሚነገረውን የአያት የቅድመ አያት ስም ቢመዘግብ፣ ለዚህ ጥናት የጐደለውን እኩሌታ ሊያመጣልን ይችላል።